ዴልቲክ የምትባለዋ የእንግሊዝ ባቡር ዛሬ ስትሠራ የት ትሰማለች?

የሱፍ መሐንዲስ (ደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ልጄ እንግሊዝ አገር ሊድስ ነው የምትኖረው። ወልዳለችና ሰኔ ላይ አራስ ልጠይቅ እሄዳለሁ። ባለቤቴ የሸኖ ቅቤና በሶ ስታሽግ ሰንብታለች። እኔ ደግሞ በጎን ሌላ ጉዳይ አለኝ፤ ለልጄም ለእናቷም ገና አልተነፈስኩም። ዴልቲክ የምትባል የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ነበረች። እሷን አንዴ እንደገና ስትሠራ መስማት እፈልጋለሁ። ቆማ ማየት አይደለም፣ ስትሠራ። የት እንደምትገኝ የሚያውቅ ካለ በሞቴ ይንገረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1981 ሊድስ ተማሪ ነበርኩ። ትምህርቱ ሱፍ ማጠብ፣ ማበጠር፣ መፍተል፣ ማቅለም ነው። የመንዝ በግ ሲሸለት እያየ ላደገ ሰው ሱፍ ብርቅ አይደለም። ባቡር ግን ብርቅ ነው። በእኛ አገር ባቡር ማለት ለገሃር ነው፤ እኔም እንግሊዝ እስክገባ ድረስ ተሳፍሬ አላውቅም ነበር።

አብሮኝ የሚማር አንድ የብራድፎርድ ልጅ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ድራሹ ይጠፋል። ሴት ይዟል ብዬ ጠርጥሬ ስጠይቀው "ዮርክ ነው የምሄደው፣ ቁጥር ልጽፍ" አለኝ። የምን ቁጥር? ይዞኝ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ኑሮዬ አዘቦት ሱፍ፣ ቅዳሜ ባቡር ሆነ።

ዮርክ ጣቢያን ያየ ያውቀዋል። ሐዲዱ ጣቢያው ውስጥ ይጎብጣል፤ የብረትና የመስታወቱ ጣሪያም አብሮ ይጎብጣል። እኛ ከጣሪያው ወጥተን የፕላትፎርሙ ጫፍ ላይ እንቆማለን። ብርዱ ለደብረ ብርሃን ልጅ ምኑም አይደል፤ ያስመረረኝ ዝናቡ ነው። የ10 ዓመት ልጅ አለ፣ ጡረተኛ አለ፣ አሞኛል ብሎ ከሥራ የቀረ አለ። ሁሉም የዝናብ ጃኬት ለብሷል። ሁሉም ሻይ በቴርሞስ፣ ዳቦ በቺዝ፣ እስክሪብቶና ደብተር ይዟል። ኢያን አለን የሚያሳትማት አንዲት የኪስ መጽሐፍ ነበረች። በአገሩ ያለ ሎኮሞቲቭ ሁሉ ቁጥሩ እሷ ላይ ተዘርዝሯል። ያየኸውን በማስመሪያ ታሰምርበታለህ። ሥራው ይኸው ነው።

በዚያን ጊዜ ሁሉም ሰማያዊ ናቸው፣ ፊታቸው ቢጫ። 47 የምትባለዋ የሎኮሞቲቭ ዓይነት 512 ስለተሠራች የትም ብትዞር እሷው ናት፤ ስትመጣ ሻያችንን እንቀዳለን። 40 አለች፣ 133 ቶን የምትመዝን፣ ቱርቦዋ እያፏጨ የምታልፍ። 40106 ብቻዋን አረንጓዴ ቀለም ስለነበራት እሷን ያየ ሰው ሰኞም ያወራል። 37ን "ትራክተር" ይሏታል። በምዕራቡ መስመር የምትሠራውን 50ን ደግሞ "ሁቨር" ይሏታል፣ ምንጣፍ የሚጠርገውን ማሽን ማለታቸው ነው።

ዴልቲክ ግን 22 ብቻ ነበረች። ከ55001 እስከ 55022። ገሚሶቹ በእሽቅድምድም ፈረስ ስም፣ ገሚሶቹ በጦር ክፍል ስም ተጠርተዋል። ሜልድ፣ ፒንዛ፣ ቱልያር፣ አሊሲዶን ፈረሶች ናቸው። ስማቸው በብረት ተቀርጾ ጎናቸው ላይ ተሰክቷል። ለንደን ፊንስበሪ ፓርክ የሚያድሩት የጋቢናቸው መስኮት ዙሪያ ነጭ ስለተቀባ ከሩቁ ይለያሉ።

ቆማ የነበረች ዴልቲክ ስትነሣ ያየ ሰው አይረሳውም። ሞተሯ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ሲነሣ ጭስ ማውጫው ውስጥ የተጠራቀመው ዘይት ይቃጠላል፤ ፕላትፎርሙ ነጣ ባለ ሰማያዊ ጭስ ይታፈናል። ሰው ሁሉ ያስላል። ከቦታው ንቅንቅ የሚል ግን የለም። ከዚያ ሁለተኛው ይነሣል። አንድ ጊዜ ሹፌሩ በእጁ ጠቅሶ ጠራኝና ጎኗን በመዳፌ ነካሁ። ብረቱ ይርገበገባል። እጄን ካነሣሁ በኋላም እስከ ክርኔ ይነዝረኝ ነበር። ፉርጎዎቹን ጎትታ ስትወጣ ደግሞ ድምፁ፣ የሥላሴ ንግሥ ዕለት ከበሮው አጠገብ የቆመ ሰው ሆዱ ውስጥ የሚገባውን ያውቀዋል አይደል? እንደዚያ፣ ግን ያለ ማቋረጥ።

ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል አትበሉኝ። አይቼዋለሁ። የስልክ ድምፅ ጆሮ ላይ ይቀራል፤ እኔ የምፈልገው ደረት የሚመታውን ነው። ዮርክ ሙዚየም አንዷ እንዳለችም አውቃለሁ። ቆማ ከሆነ ግን ፎቶዋም ይበቃኛል። እግዜር ይስጥልኝ።

---

አንኮበሬዋ (ማንችስተር)

ጋሼ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት! ልጁን በጤና ያሳድግልዎ።

መጀመሪያ ስለ ቅቤው። ከእኛ አገር ቅቤም ሆነ ሥጋ ይዞ እዚህ መግባት ክልክል ነው። ኤርፖርት ላይ ካገኙት ይወስዱብዎታል። በሶው ችግር የለውም። እትዬ እንዳይቀየሙኝ፣ ቅቤውን እዚያው ያስቀሩት።

ወደ ባቡሩ ልምጣ። እኔ ራሴ ዴልቲክንና ቆርቆሮ የጫነ ኢሱዙን በድምፅ አልለይም። ወንዶቹ ልጆቼ ናቸው ያስተማሩኝ፤ ቅዳሜና እሁድ ከእነሱ ጋር ያልዞርኩበት የባቡር ግቢ የለም።

ከ22ቱ 6 ተርፈዋል። የሙከራ ሆና እ.ኤ.አ. በ1955 የተሠራችው የመጀመሪያዋም አለች። እርስዎ ያሏት የዮርኳ 55002 ናት፣ የብሔራዊው ሙዚየም ንብረት። መግቢያው ነጻ ነው፣ ከባቡር ጣቢያው በእግር ይደረሳል። አንዳንዴ ዕቃዎቹን ወደ ሌላ ቦታ ስለሚያዛውሩ አስቀድመው ይጠይቁ።

እርስዎን የሚጠቅምዎት ግን ባሮ ሂል ነው። ቼስተርፊልድ አጠገብ ስቴቭሊ የሚባል ቦታ ነው። በ1870 የተሠራ ክብ የሎኮሞቲቭ ማደሪያ አለ፤ መሀሉ ላይ ሎኮሞቲቩን ተሸክሞ የሚዞር መድረክ አለው። የዴልቲክ ወዳጆች ማኅበር ቤቱ እዚያ ነው። ሦስት አሏቸው፦ አሊሲዶን፣ ቱልያርና ሮያል ሃይላንድ ፉዚሊየር። ከሊድስ በሼፊልድ አድርገው ቼስተርፊልድ ይወርዳሉ፤ ከዚያ አውቶቡስ ወይም ታክሲ። በየቀኑ ክፍት አይደለም፤ ቀን ተቆርጦ ነው የሚከፈተው። ሞተር የሚያስነሡበትን ቀን ድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። ቀኑን ሳያዩ የአውሮፕላን ትኬት እንዳይቆርጡ።

ሌላው መንገድ "ዲዝል ጋላ" የሚሉት ነው። የድሮ መስመር የሚያንቀሳቅሱ ማኅበራት በዓመት አንዴ ሁለቴ ናፍጣዎቻቸውን ሁሉ አውጥተው ሕዝብ ጭነው ይነዳሉ። የትኛዋ በስንት ሰዓት እንደምትጎትት በሰንጠረዥ ይወጣል። ዴልቲኮቹም በእንግድነት ይሄዳሉ። ጫና ይዛ ስትጎትት መስማት ከፈለጉ ያለው እሱ ነው።

---

ሮቢት ማንጎ (ሸዋ ሮቢት)

ጋሼ በጣም ደስ ይላል፣ አነጋገርዎም ጥሩ ነው። ግን አይቆጡኝና አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ዝናብ ላይ ቆሞ የባቡር ቁጥር መጻፍ ምን ይጠቅማል? ብር የለው፣ ሽልማት የለው። ቁጥሩ ደግሞ መጽሐፉ ላይ ታትሟል። ያለቀ ነገር አይደል እንዴ? ሙዴ አልገባኝም።

---

የሱፍ መሐንዲስ (ደብረ ብርሃን)

አንኮበሬዋ፣ እግዜር ያክብርሽ። ባሮ ሂልን ጻፍኳት። የቅቤውን ነገር ለባለቤቴ የምነግርበትን ቀን እየመረጥኩ ነው።

ሮቢት ማንጎ፣ ምን አስቆጣኝ ልጄ? ኳስ ታያለህ አይደል? ውጤቱ ማታ በዜና ይነገራል። ለምን ታየዋለህ?

ብር የለውም ላልከው ልክ ነህ። እኔ ግን እንግሊዝኛዬን የተማርኩት ክፍል ውስጥ አይደለም፣ ፕላትፎርሙ ላይ ነው። መምህሮቻችን እንደ መጽሐፍ ነበር የሚያወሩት። የዮርክሻየር ሰው እንዴት እንደሚያወራ ያወቅኩት ሻይ እየተቀዳልኝ ነው። ጥቁር ስለሆንኩ መጀመሪያ ዘወር ብሎ የሚያየኝ ነበር። "47401ን አይተሃታል?" ብሎ የሚጠይቅህ ሰው ግን መልሱን ነው የሚፈልገው። ከየት መጣህ የሚለው ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው።

አገሩንም ያወቅኩት በዚያ ነው። የትኛዋ የት እንደምታድር ካወቅክ ካርታው ራስህ ውስጥ አለ። ሂሊ ሚልስ የ40ዎች ቤት ነው፤ ሆልቤክ የእኛው የሊድስ ነው፤ ሄይማርኬት ኤድንብራ ነው። አንዲት ሎኮሞቲቭ ባልጠበቅክበት ቦታ ከታየች አንድ ነገር ተፈጥሯል ማለት ነው። ማርች 1979 ስኮትላንድ ጠረፍ አጠገብ ፔንማንሺል የሚባል ዋሻ እየተሰፋ እያለ ተደረመሰ። ሁለት ሠራተኞች ሞቱ። መስመሩ እስከ ኦገስት ተዘግቶ፣ ዋሻውን ትተው በጎኑ አዲስ ሐዲድ ዘረጉ። በዚያ ሰሞን ፕላትፎርሙ ላይ ወሬው ሁሉ ዋሻ ነበር። እኔም ስለ ጣርማ በር አወራሁላቸው። ጣሊያን የቆፈረው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለ፣ ጭጋግ የማይጠፋበት ዋሻ አለን ስላቸው አንድ ሽማግሌ ደብተሩን ከፍቶ ስሙን ጻፈው። የባቡር ዋሻ አይደለም ብለውም አልሰረዘውም።

ሃያ ሁለቱን ዴልቲኮች ልጨርስ ስል ምን ሆነ መሰለህ? 55001፣ ሴንት ፓዲ የምትባለዋ፣ ቀድማ ከመንገድ ወጥታ ዶንካስተር ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ለሌሎቹ መለዋወጫ ሆና ነበር። ግቢው ለሕዝብ በተከፈተ ቀን ሄድን። አካሏ አለ፤ ውስጧ የለም። እኔ አሰመርኩባት። የብራድፎርዱ ልጅ "ሞተር የሌላት አትቆጠርም" አለ። ቁጥሯ አለ አይደል እንዴ? በዚህ ተኳርፈን ሊድስ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። በጃንዋሪ 1980 እሷና 55020 በይፋ ተሰረዙ። አሁንም ቢሆን ትቆጠራለች ባይ ነኝ።

---

መፍቻ 32 (ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ)

ጋሼ፣ እኔ የከባድ መኪና ሜካኒክ ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ፊያት ኤንትሬ ስፈታ ነው ያደግኩት። አንድ ነገር ይንገሩኝ። ይቺ ዴልቲክ ምን ዓይነት ሞተር ቢኖራት ነው ይህን ያህል የሚወራላት? ስንት ሲሊንደር ናት? ጉልበቷስ?

---

የሱፍ መሐንዲስ (ደብረ ብርሃን)

አሁን ገና ሰው መጣ! ጠባሴ ከሆንክ ጎረቤቴ ነህ፤ ግን እዚሁ ልጻፈው፣ ሌላውም ያንብብ።

ሞተሩን የሠራው ናፒየር ነው። መጀመሪያ የታሰበው ለባቡር አይደለም፣ ለባሕር ኃይል ፈጣን ጀልባ ነው። ቀላል ሆኖ ጉልበት ያለው ናፍጣ ፈለጉ። በአንድ ሞተር 18 ሲሊንደር አለ። ፒስተኑ ግን 36 ነው። ምክንያቱም በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ሁለት ፒስተን ፊት ለፊት ተገጣጥሞ ይሠራል። ወረቀት ላይ ሦስት ማዕዘን ሣል። ሦስቱ ጎኖች ሲሊንደሮቹ ናቸው። በሦስቱ ማዕዘን ላይ ሦስት ክራንክ ሻፍት ታስቀምጣለህ። አንደኛው ከሁለቱ በተቃራኒ ይዞራል። እንደዚያ ዓይነት ሦስት ማዕዘን ስድስት፣ ተደርድሮ። ስሟም ከዚያ ነው የመጣው፤ የግሪኩ ዴልታ ፊደል ሦስት ማዕዘን ነው።

ባለ ሁለት ምት ነው። ቫልቭ የለውም። አየሩ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ባለ ቀዳዳ ይገባል፣ ጭሱ በሌላኛው ይወጣል፤ የሚከፍትና የሚዘጋው ፒስተኑ ራሱ ነው። ፒስተኖቹ ፊት ለፊት ስለሆኑ ቴስታታም (የሲሊንደር ክዳን) የለውም።

አንዷ ሎኮሞቲቭ ሁለት ሞተር ትሸከማለች። እያንዳንዱ 1,650፣ በድምሩ 3,300 የፈረስ ጉልበት። ክብደቷ 100 ቶን ገደማ ነው። 40ን አስብ፤ 133 ቶን ሆና 2,000 ፈረስ ብቻ ናት። ሞተሩ ጎማውን በቀጥታ አያዞርም፤ ጄኔሬተር ያዞራል፣ ከዚያ በኤሌክትሪክ ሞተር ነው የምትነዳው። በሰዓት 100 ማይል፣ 161 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በ1961 ሥራ ስትጀምር 22ቱ ዴልቲኮች የሃምሳ አምስት የእንፋሎት ሎኮሞቲቮችን ሥራ ወሰዱ። በ1962 ከለንደን ኤድንብራ በ6 ሰዓት ገቡ። መንገዱ 632 ኪሎ ሜትር ነው።

---

መፍቻ 32 (ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ)

ቴስታታ የሌለው ሞተር!! ጋሼ ሙተው ይዳኑ! የእኔ ግማሽ ዕድሜ የቴስታታ ጋስኬት በመቀየር ነው ያለቀው። ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር እያለ ለምን ተዉት?

---

የሸኖ ልጅ (ደርቢ)

ለምን እንደተዉት እኔ ልመልስ። ጋሼም አይቀየሙኝ፤ እኔ ዴልቲክ ከመጠን በላይ ተወድሳለች ባይ ነኝ።

ጥገናዋ አሳር ነው። ወንድም ሜካኒኩ፣ ሦስቱን ክራንክ ሻፍት በሰዓቱ አገጣጥመህ የምታስር አንተ ብትሆን ትደሰታለህ? ሞተሩ ሲበላሽ ሎኮሞቲቩ ላይ እንዳለ አይጠገንም ነበር። ተነቅሎ ሌላ ይገባል፤ የተነቀለው ፋብሪካ ይላካል። ለ22 ሎኮሞቲቭ ብቻ ያንን ሁሉ መለዋወጫና ባለሙያ መያዝ ኪሳራ ነው። ከዚያ ኤችኤስቲ የሚባለው ፈጣን የናፍጣ ባቡር መጣ። በ1976 በምዕራቡ መስመር ጀመረ፣ በ1978 ወደ እነ ዮርክ መስመር ገባ። በሁለት ጫፍ ሁለት ጎታች፣ እያንዳንዱ 2,250 ፈረስ፣ በሰዓት 201 ኪሎ ሜትር። ዴልቲክ ትልልቁን ባቡር ለእሱ አስረክባ ቁርጥራጭ ሥራ ላይ ቀረች። ጋሼ ያዩዋት በእርጅናዋ ነው።

37 ግን! 309 ተሠራች፣ ከ1960 እስከ 1965። 1,750 ፈረስ ብቻ ናት። ፈጣን አይደለችም፣ መልኳም የገበሬ ነው። ግን ዛሬም ዋናው መስመር ላይ ስትሠራ ታያታለህ። 60 ዓመት! ድንጋይ ስጣት፣ ሰው ስጣት፣ በረዶ ላይ ላካት፣ አትነጫነጭም። እኔ እዚህ የመጣሁት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው፤ ሰማያዊውን ዘመን አላየሁም። 37ን ግን ሌሊት ከመኝታ ቤቴ እሰማታለሁ፤ ሐዲዱ ከቤቴ ጀርባ ነው ያለው። ሚስቴ ቤት እንቀይር ትላለች። አይሆንም።

ለጋሼ የምለው፦ ዴልቲክን ብቻ ብለው ቀኑ ካልገጠመዎት እንዳያዝኑ። ከሊድስ ኪትሊ ድረስ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። እዚያ ከዋናው ጣቢያ ጎን የራሳቸው መስመር ያላቸው ማኅበሮች አሉ፤ 8 ኪሎ ሜትር ወደ ሸለቆው ይወጣል። 37ም 20ም አላቸው። ከኪትሊ ገና ሲነሡ ዳገት ነው። መጀመሪያው ፉርጎ ላይ፣ ሎኮሞቲቩ አጠገብ ይቀመጡ። መስኮቱን ዝቅ ያድርጉ። ከዚያ ያወራሉ።

---

የጣርማ በር ጭጋግ (ደብረ ሲና)

ይኼን ሁሉ ሳነብ ሳቄ መጣ። እኛ እኮ ሳናውቀው ይህንኑ ነበር የምንሠራው!

እናቴ ደብረ ሲና መንገድ ዳር ቆሎ ትሸጥ ነበር። እኛ ልጆቹ ቆሎውን በሰፌድ ይዘን መኪና እንጠብቃለን። ከጣርማ በር የሚወርደውን በጭጋግ ምክንያት አናየውም፤ የምንሰማው ነው። ከሮቢት የሚወጣውም ከታች ጠመዝማዛው ላይ ሆኖ ነው የሚሰማው። ኤንትሬ ይሁን፣ ቮልቮ ይሁን፣ የምሥራቅ ጀርመኑ ኢፋ ይሁን ሳይታይ በድምፁ እንወራረዳለን። የተሸነፈ አንድ እፍኝ ቆሎ ይከፍላል። እናቴ ቆሎው ለምን እንደሚጎድል ሳትደርስበት ነው የቀረችው።

ኤንትሬ ቁልቁለቱን በማርሽ ይዞ ሲወርድ የሚያሰማውን ድምፅ ዛሬም እንቅልፌን ሆኜ እለየዋለሁ። ሹፌሩ በቀኝ በኩል ይቀመጣል። ተሳቢው ከኋላ እየተንገጫገጨ ይከተላል። ግንባሩ ላይ "ለሁሉም ጊዜ አለው" ተጽፎበታል። ሰሌዳውን በቃላችን እንይዘው ነበር፤ ደብተር ስላልነበረን ነው እንጂ እኛም እናሰምር ነበር። እገሌ ዛሬ አሰብ ደርሶ ተመለሰ፣ እገሌ ደሴ ተበላሽቶ ቆሟል እያልን ለሹፌሮቹ ሚስቶች ወሬ አቀባዮች ነበርን።

ሮቢት ማንጎ፣ አንተ ያልገባህ አሁን የሚያልፈው ሁሉ አንድ ዓይነት ሲኖትራክ ስለሆነ ነው። ምኑን ከምኑ ትለያለህ?

---

ሮቢት ማንጎ (ሸዋ ሮቢት)

ሃሃ እሺ ተሸነፍኩ። ግን ሲኖትራክም ይለያል! አሮጌውና አዲሱ ፍሬን ሲይዝ የሚያሰማው ሌላ ሌላ ነው። በናታችሁ እኔም ጀመርኩ ማለት ነው?

---

የሱፍ መሐንዲስ (ደብረ ብርሃን)

ጀምረሃል ልጄ። ደብተር ግዛ።

የጣርማ በር ጭጋግ፣ አንተን ያንን ሽማግሌ አጠገብ ባቆምኩህ! ቆሎ ተወራርደው እንደሚለዩ ቢሰማ ያንንም ይጽፈው ነበር።

የሸኖ ልጅ፣ በእርጅናዋ ነው ያየሃት ያልከው እውነት ነው፤ አልከራከርህም። ግን 37ን ከዴልቲክ ማስበለጥ በቅሎን ከፈረስ ማስበለጥ ነው። በቅሎ ጠቃሚ ናት፣ ዳገት ትወጣለች፣ አትታመምም። ጉግሥ ላይ ግን ማንም በቅሎ ይዞ አይወጣም። ኪትሊ ግን እሄዳለሁ። 37ን ጠላኋት አላልኩም።

የዴልቲክን መጨረሻ አላየሁም። ጃንዋሪ 2 ቀን 1982 ከኪንግስ ክሮስ ኤድንብራ ደርሶ መልስ የስንብት ጉዞ ተደረገ። ሲሄድ ቱልያር ጎተተች፣ ሲመለስ ሮያል ስኮትስ ግሬይ። እኔ ያን ጊዜ እዚህ ፋብሪካ ውስጥ ማበጠሪያ ማሽን ላይ ነበርኩ። የብራድፎርዱ ልጅ በደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ባቡሩ ሲገባ ፕላትፎርሙ ላይ መርፌ መጣያ አልነበረም አለኝ። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ "ሴንት ፓዲ አሁንም አትቆጠርም" ብሎ ፈረመ።

አንኮበሬዋ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዮርክም፣ ቼስተርፊልድም፣ ኪትሊም ብል የባቡር ትኬቱ አያደኸየኝም? ዋጋውን ኢንተርኔት ላይ አይቼ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ልጄ እንድትከፍልልኝ ደግሞ አልፈልግም።

---

አንኮበሬዋ (ማንችስተር)

ጋሼ፣ 60 ዓመት የሞላው ሰው የሚያወጣው ካርድ አለ። የትኬቱን ሲሶ ይቀንስልዎታል። የአገሩ ነዋሪ መሆን አያስፈልግም፤ ጣቢያው ትኬት መሸጫ ላይ ፓስፖርት ያሳዩና ያወጡታል። ጠዋት ሰው ሥራ የሚገባበትን ሰዓት ያሳልፉ፣ ያኔ ዋጋው ሌላ ነው። ትኬቱን ቀድመው ከቆረጡ ደግሞ በጣም ይረክሳል።

ዮርክ ሲሄዱ ሕፃኑን በጋሪ ይዘው ይሂዱ። ልጅዎ ትተኛለች፣ እርስዎም ምክንያት አገኙ። ሙዚየሙ ለጋሪ ይመቻል፣ ዳይፐር መቀየሪያም አለው። ባሮ ሂል ግን ሕፃኑን እንዳይወስዱት፤ ጭሱ አይሆነውም፣ ጆሮውም ገና ነው።

---

የሱፍ መሐንዲስ (ደብረ ብርሃን)

ሲሶ! ይህንንማ ለባለቤቴም እነግራታለሁ። ከቅቤው ወሬ ጋር አያይዤ።

---

መፍቻ 32 (ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ)

ጋሼ፣ የሚቀርጹ ከሆነ ስታልፍ ሳይሆን ስትነሣ ይቅረጹልኝ። ሞተሩ የሚታይበት በር ካለም ጠይቀው ያስከፍቱልኝ። ሦስቱን ክራንክ ሻፍት የሚያገናኘውን ጥርስ ማየት ነው የምፈልገው። ዘይቱንስ በስንት ሰዓት ነበር የሚቀይሩት? እሱንም ይጠይቁልኝ።